የተቆረጠው ጠርዝ፦ ኮምፒውተር ከቴሌቪዥን ጋር ሲገናኝ ምስሉ ለምን ከክፈፉ ያልፋል?

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የገለጻ መርሐ ግብር ጅማ ላይ ከቀረበ ንግግር በድምፅ ተቀርጾ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ። በመጨረሻ ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁለቱ ብቻ ተካተዋል።)

የዛሬው ርእሳችን በአንደኛ እይታ ለዚህ አዳራሽ የማይበቃ ትንሽ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ላፕቶፕ ከቴሌቪዥን ጋር በኬብል ይገናኛል፤ ምስሉ ይመጣል፤ አራቱ ጠርዞች ግን የሉም። ከታች የስታርት ቁልፉ ጠፍቷል፤ ከላይ የመዝጊያዋ ምልክት ግማሽ ሆናለች፤ ከግራ የሠንጠረዡ ተራ ቁጥር ተውጧል። ሰብሳቢው ይበሳጫል፤ ጸሐፊዋ ኬብሉን ነቅላ መልሳ ትሰካለች፤ በመጨረሻም «ቴሌቪዥኑ እንዲህ ነው፤ ተዉት» ይባልና ስብሰባው ይቀጥላል። ዛሬ እዚህ ያቆመችኝ «ተዉት» የምትለዋ ቃል ናት።

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች በየስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ፍላት ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ማየት ብርቅ አይደለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፕሮጀክተር ጨለማ ክፍል ይፈልጋል፤ አምፖሉ ሲቃጠል ምትኩ ውድ ነው፤ ቴሌቪዥን ግን ከማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ይገኛል፣ በቀን ብርሃንም ይታያል። የዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎችም ማኅበረሰብ ተኮር በሆነው ትምህርታቸው እንደ አጋሮና ሸቤ ወዳሉ ከተሞች በቡድን ሲወጡ የጥናታቸውን ውጤት ለነዋሪው የሚያቀርቡት ባገኙት መሣሪያ ነው፤ ያገኙት መሣሪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቴሌቪዥን ነው። ስለዚህ ችግሩ የመዝናኛ ክፍል ችግር መሆኑ ቀርቶ የሥራ ችግር ሆኗል።

ምን ያህል እንደሚቆረጥ በቁጥር እንየው። በሰፊው የሚሠራበት ሙሉ ኤችዲ ምስል በወርድ 1920፣ በቁመት 1080 ነጥቦች ወይም ፒክስሎች አሉት። ቴሌቪዥኑ ምስሉን ጥቂት ለጥጦ ከእያንዳንዱ ጠርዝ 2.5 በመቶ ቢደብቅ፣ ከግራ 48፣ ከቀኝ 48፣ ከላይ 27፣ ከታች 27 ነጥብ ይጠፋል። የሚታየው 1824 በ1026 ይሆናል። ከሁለት ሚሊዮን ነጥቦች ውስጥ 202,176ቱ የሉም ማለት ነው፤ ከጠቅላላው ወደ አሥር በመቶ ይጠጋል። «ሁለት ተኩል በመቶ ምን አላት?» የሚል ሰው አራት ጎን መኖሩን ረስቷል።

አሁን ይህን ወደ ሥራ ጠረጴዛ እናምጣው። በዊንዶውስ 10 በመደበኛው መጠን ከታች ያለው ታስክባር ቁመቱ 40 ነጥብ ነው፤ 27ቱ ሲቆረጥ ሲሶው ብቻ ጫፉ ይታያል። በኤክሰል አንድ ተራ ዓምድ ስፋቱ 64 ነጥብ ሲሆን፣ በተለመደው የፊደል መጠን አንድ አሃዝ 7 ነጥብ ያህል ይይዛል። በግራ በኩል የሚጠፋው 48 ነጥብ የመስመሮቹን ቁጥር ጠራርጎ የመጀመሪያውን ዓምድ ሲሶ ይወስዳል። በቀኝ በኩል ደግሞ የመጨረሻው ዓምድ ጠርዙን ተጠግቶ ከሆነ፣ ቁጥሮች ወደ ቀኝ ተጠግተው ስለሚጻፉ የኋለኞቹን ሦስት አራት አሃዞች ሊውጥ ይችላል። አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር በመኸር ወቅት የአባላቱን እሸት ቡና መዝግቦ፣ ስም፣ ኪሎ፣ የአንዱ ኪሎ ዋጋ፣ በመጨረሻም ተከፋይ ሒሳብ የሚል ሠንጠረዥ ለጠቅላላ ጉባኤው በቴሌቪዥን ያሳያል እንበል። የሚቆረጠው የመጨረሻው ዓምድ ነው፤ ገበሬው ሊያየው የመጣው ደግሞ እሱኑ ነው። ግማሽ ፊደል ሲቆረጥ ዓይን ያስተውላል። አሃዙ ሙሉ በሙሉ ከክፈፉ ውጭ ሲወድቅ ግን 850.75 የነበረው 850 ሆኖ ይነበባል፤ የከፋው ደግሞ 12,450 ሊሆን የሚገባው ቁጥር ነጠላ ሰረዝ ሳይደረግበት ተጽፎ ከነበረ 1245 ሆኖ ቁጭ ይላል። ያኔ የሚነሣው ጭቅጭቅ የኬብል ጭቅጭቅ አይደለም፤ የመተማመን ጭቅጭቅ ነው። ሒሳቡን በፈረሱላ የሚሠራ ነጋዴም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም።

የጤና ባልደረቦቻችን የበለጠ የሚያሳስብ ምክንያት አላቸው። የራጅ ወይም የሲቲ ምስል በኮምፒውተር ሲከፈት የታካሚው ስም፣ የተነሣበት ቀንና ቁጥሩ የሚጻፉት አብዛኛውን ጊዜ በመስኮቱ አራት ማዕዘኖች ነው። ግራን ከቀኝ የምትለየዋ የእርሳስ ምልክትም የምትቀመጠው ከምስሉ ዳር ነው። ልቡ በተፈጥሮው በቀኝ በኩል የሆነን ሰው ከተገለበጠ ፊልም የምትለየው ያቺ ፊደል ናት። በአልትራሳውንድ ምስል ላይ ደግሞ የጥልቀት መለኪያው ልኬት በጠርዙ ላይ ተሰድሮ ይገኛል። ምርመራ በመኖሪያ ቤት ቴሌቪዥን መወሰን እንደሌለበት ለእናንተ መንገር አያሻኝም፤ ለዚያ የተሠሩ ስክሪኖች አሉ። ነገር ግን በጠዋት ውይይትና በማስተማሪያ ክፍል ቴሌቪዥን ጥቅም ላይ ይውላል፤ እዚያ ላይ ስሙና ጎኑ የተቆረጠ ምስል ለተማሪ ማሳየት መጥፎ ልማድ ማስተማር ነው።

እንግዲህ ቴሌቪዥን ይህን የሚያደርገው ለምንድን ነው? ሰሪዎቹ ተሳስተው ነው? አይደለም። በዘመኑ አስተዋይነት የነበረበት ሥራ ነው፤ ዘመኑ አልፎ ልማዱ ቀረ እንጂ።

በኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ስርጭት የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። የቀለም ስርጭት የመጣው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም. መባቻ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር ነበር። በእነዚህ ዓመታትና ከዚያም ብዙ ቆይቶ ቴሌቪዥን ማለት ጀርባው የወፈረው፣ ከፊት ወፍራም መስታወት ያለው ዕቃ ነበር። በውስጡ ያለው ቱቦ ከኋላ የኤሌክትሮን ጨረር ይተኩሳል፤ በአንገቱ ላይ የተጠመጠሙት ጥቅሎች በመግነጢስ ኃይል ጨረሩን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነዱታል። አገራችን በተጠቀመችበት የፓል ሥርዓት ምስሉ 625 መስመሮች ነበሩት፤ ሥዕል የሚሸከሙት 576ቱ ሲሆኑ ቀሪዎቹ ጨረሩ ከታች ወደ ላይ ለሚመለስበት ጊዜ የተተዉ ናቸው።

የዚህ ዓይነት ምስል መጠኑ ጸንቶ አይቆምም። የቤቱ ቮልቴጅ ሲወርድ፣ በተለይ ኃይላቸው በደንብ ባልተመጠነ የቆዩ ዕቃዎች ላይ፣ ምስሉ ይኮማተራል። በሌላ በኩል ትዕይንቱ በጣም ሲደምቅ በቱቦው ውስጥ ያለው ከፍተኛ ቮልቴጅ ጥቂት ይወርዳል፤ ኤሌክትሮኖቹ ሲዘገዩ መግነጢሱ በቀላሉ ያጎብጣቸዋል፤ ምስሉም ያብጣል። ዕቃው ሲሞቅ፣ ሲያረጅ፣ መጠኑ ደግሞ ይለወጣል። በየቤቱ ከቴሌቪዥኑ ሥር ስታቢላይዘር የምናስቀምጠው በከንቱ አልነበረም። ሰሪዎቹ ምስሉን ልክ በክፈፉ መጠን ቢያደርጉት ኖሮ ምሽት ላይ መብራት ሲዳከም በአራቱም ጎን ጥቁር ድንበር ይታይ ነበር፤ ገዢውም «ተበላሸ» ብሎ ይመልሰዋል። ስለዚህ ምስሉን ሆን ብለው ከክፈፉ አሳልፈው ለጠጡት። ይህ ነው በባለሙያዎች ቋንቋ ኦቨርስካን የሚባለው። ፎቶ ቤት ሄዳችሁ ፎቷችሁን በክፈፍ አስገብታችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ክፈፉ የፎቶውን ዳር ጥቂት ይበላል፤ ያ ባይሆን ነጩ ወረቀት ይታያል።

ፎቶግራፍ አንሺው ይህን ስለሚያውቅ ሰውን ከፎቶው ዳር አያቆምም። የቴሌቪዥን ሰዎችም እንዲሁ አደረጉ። የአሜሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን መሐንዲሶች ማኅበር ያወጣው የቆየ መመሪያ ዋናው ድርጊት በመካከለኛው 90 በመቶ፣ ጽሑፍ ደግሞ በመካከለኛው 80 በመቶ ውስጥ እንዲቀመጥ ያዝዝ ነበር። ስክሪኖች ሲሻሻሉ እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ 93ና 90 በመቶ ተሻሻለ። የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ኅብረትም የራሱ ልክ አለው፤ ከየጠርዙ ለድርጊት 3.5፣ ለጽሑፍ 5 በመቶ። ዜና አንባቢው ስሙ ከስክሪኑ ዳር ገባ ብሎ የሚጻፈው ለውበት ብቻ አይደለም።

ከጠርዙ ውጭ የተሸሸገውን ማየት የሚፈልግ ሰው የድሮ የሠርግ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ያስገልብጥ። በቪኤችኤስ የተቀዳ ምስል በኮምፒውተር ሲታይ ከታች በኩል ጥቂት መስመሮች ተቆራርጠው ሲንቀጠቀጡ ታያላችሁ። ብዙ ሰው ካሴቱ የተበላሸ ወይም ገልባጩ ያጠፋው ይመስለዋል። አይደለም፤ የማጫወቻው ራሶች እየተፈራረቁ ሲያነቡ የሚፈጠር ረብሻ ነው፤ ከመጀመሪያውም ነበረ፤ ቴሌቪዥኑ ከክፈፉ ጀርባ ደብቆልን ነው እንጂ። የሙሽራው እናት ለዓመታት ያላዩት ነገር ነው።

ይህን ሁሉ የተናገርኩት አንድ ልዩነት ለማሳየት ነው። ቴሌቪዥን ዋናውን ነገር ከመሐል ያኖራል። ኮምፒውተር ግን ዋናውን ነገር የሚያኖረው ልክ እንደ ነጠላ ጥለት ከዳር ነው፤ መክፈቻው፣ መዝጊያው፣ ሰዓቱ፣ ማውጫው፣ የገጽ ማንሸራተቻው ሁሉ ከጠርዝ ናቸው። ሁለት የተለያየ ልማድ ያላቸው ዕቃዎች በአንድ ኬብል ሲገናኙ የሚጎዳው ጥለቱ ነው።

«ይሁን፤ ዛሬ ግን ቱቦ የለም፤ ፍላቱ ቴሌቪዥን ነጥቦቹ በቦታቸው የተተከሉ ናቸው፤ ምስሉም አያብጥም፤ ታዲያ ለምን ይቆርጣል?» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ነው። መልሱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ስርጭቱ ነው። ፍላት ቴሌቪዥን ገበያ ሲገባ ይመጣለት የነበረው ምስል አሁንም ዳሩ ያልጸዳ ነበር፤ ስለዚህ ሰሪዎቹ የመቁረጡን ልማድ በሶፍትዌር ይዘው ቀጠሉ። በአገራችን በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ትምህርት ማሰራጨት ሲጀመር በየክፍሉ የተሰቀለው ስክሪን ስሙን ለትምህርቱ እስኪያወርስ ድረስ «ፕላዝማ» ተባለ። የፕላዝማ ስክሪን አንድ ቦታ የቆመ ምስል ሲቃጠልበት ጠባሳው ይቀራል፤ ይህን ለመከላከል ብዙዎቹ ምስሉን በየጊዜው በጥቂት ነጥቦች ያንቀሳቅሱታል፤ ለዚህም ትንሽ የተደበቀ ዳር ያስፈልጋል። ዛሬ ኦሌድ የሚባሉት ውድ ስክሪኖችም ተመሳሳይ ዘዴ አላቸው።

ሁለተኛው ክፍል አለመግባባት ነው፤ እኔ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስገርመኝ እሱ ነው። ኤችዲኤምአይ የሚባለው መገናኛ የመጀመሪያ መመሪያው የወጣው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2002 ሲሆን፣ ምስልን ብቻ ሳይሆን ስለ ምስሉ የሚናገር አጭር መልእክትም ያመላልሳል። ኬብሉ ሲሰካ ቴሌቪዥኑ ራሱን ያስተዋውቃል፦ እነዚህን መጠኖች እቀበላለሁ፣ የቴሌቪዥን መጠን ሲመጣ እቆርጣለሁ ወይም አልቆርጥም ይላል። ኮምፒውተሩም በበኩሉ ከምስሉ ጋር «ይህ ዳሩ ሊቆረጥ የተዘጋጀ ነው» ወይም «ይህ እስከ ዳር ሊታይ የሚገባው ነው» የሚል ምልክት መላክ ይችላል። ሁለቱም እውነቱን ቢናገሩና ቢደማመጡ ዛሬ እዚህ መሰብሰብ ባላስፈለገን ነበር። ነገር ግን ብዙ ኮምፒውተሮች ምልክቱን ባዶ ይተዉታል፤ ብዙ ቴሌቪዥኖችም ቢላክላቸው አያነቡትም። ቴሌቪዥኑ 1920 በ1080 ሲመጣለት «ይህ የፊልም ወይም የስርጭት ምስል ነው» ብሎ ይገምታል፤ እንደ ልማዱም ይለጥጠዋል። በአንጻሩ ሰማያዊዋን ባለ አሥራ አምስት እግር ቪጂኤ ኬብል ብንሰካ ያው ቴሌቪዥን አይቆርጥም፤ ያቺ ቀዳዳ የኮምፒውተር ብቻ እንደሆነች ያውቃልና።

ከመጠገን በፊት ግን ማወቅ ይገባል። ጠርዝ ሲቆረጥ ወዲያው ኬብል መለወጥ በሰፊው የተለመደ ነው፤ ከንቱ ድካም ነው። የኤችዲኤምአይ ኬብል ሲታመም ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ነጫጭ ነጥቦች ይረጫሉ፣ ወይም ፈጽሞ ይጠፋል፤ ከአራቱም ጎን እኩል ቆርጦ መሐሉን ጥርት አድርጎ የሚያሳይ የኬብል ሕመም የለም። ጥፋቱ ከኮምፒውተሩ ይሁን ከቴሌቪዥኑ ለመለየት ቀላሉ መንገድ የስክሪኑን ቅጂ ማንሣት ነው። የቅጂ ቁልፉን ተጭናችሁ ምስሉን በላፕቶፑ ስክሪን ላይ ክፈቱት። በቅጂው ላይ ታስክባሩ ሙሉ ሆኖ ከተገኘ ኮምፒውተሩ ምንም አልቆረጠም፤ የሚቆርጠው ቴሌቪዥኑ ነው። የተቆረጠው በአንድ ጎን ብቻ ከሆነና በተቃራኒው ጎን ጥቁር ድንበር ካለ፣ በቪጂኤ የመጣ ምስል ቦታውን ስቷል ማለት ነው፤ የቴሌቪዥኑ ራስ ሰር ማስተካከያ ይመልሰዋል። አይጤዋን ወደ ዳር ስትገፉ ምስሉ አብሮ የሚንሸራተት ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ ስክሪኑ ከሚችለው የሰፋ መጠን መርጧል፤ ያ ሌላ በሽታ ነው።

መድኃኒቱን ከቴሌቪዥኑ ጀምሩ። ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚጀምረው በእጁ ካለው ከኮምፒውተሩ ነው። በሪሞቱ ወደ ምስል ማስተካከያው ግቡና የምስል መጠን ወይም ቅርጽ የሚለውን ፈልጉ። ስሙ እንደ ሰሪው ይለያያል፤ በሳምሰንግ ስክሪን ፊት፣ በኤልጂ ጀስት ስካን፣ በሶኒ የማሳያ ስፋት በሚለው ሥር ፉል ፒክስል፣ በፊሊፕስ አንስኬልድ ይባላል፤ በፓናሶኒክ ኦቨርስካን የሚለውን በስሙ አግኝታችሁ ታጠፋላችሁ። በሳምሰንግ ሌላም መንገድ አለ፤ ላፕቶፑ የተሰካበትን ቀዳዳ ስም «ፒሲ» ብላችሁ ብትሰይሙት ቴሌቪዥኑ እንግዳው ኮምፒውተር መሆኑን ያምናል፤ መለጠጡንም ይተዋል። በስም መለወጥ ጠባይ የሚለወጥበት ዕቃ ይኸው ነው።

ምርጫው ደብዝዞ አልመረጥ ካለ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ኮምፒውተሩ የሚልከው መጠን ነው። ለምሳሌ 1024 በ768 እየላከ ከሆነ ቴሌቪዥኑ ይህን ምርጫ አይከፍትም፤ መጀመሪያ ወደ 1920 በ1080 ወይም ወደ 1280 በ720 ለውጡት። ማስተካከያው መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወይም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በራሱ ወደ ቀድሞው የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ገና ከሱቅ እንደመጣ በመሸጫ ቤት ሁነታ ላይ ነው ያለው፤ ይህ ሁነታ ደንበኛ የነካካውን እያረመ ምስሉን እንዲያደምቅ የተሠራ ነው። በዋናው ማስተካከያ ወደ ቤት ሁነታ ቀይሩት። በሪሞት ምሥጢራዊ ቁጥር የሚከፈተውን የጠጋኞች ማውጫ ግን ተጠንቀቁ። ርካሽ በሆኑ ስክሪኖች ላይ የመቁረጡ ልክ እዚያ ውስጥ በቁጥር እንደሚገኝ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከጎኑ ያለው ቁጥር የስክሪኑን ዓይነት የሚወስን ሊሆን ይችላል፤ ያን የነካ ቴሌቪዥን ዳግመኛ ላይበራ ይችላል።

ቴሌቪዥኑ እንቢ ካለ ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ሂዱ። ዊንዶውስ ራሱ ለዚህ የሚሆን አጠቃላይ ማስተካከያ የለውም፤ ሥራው የግራፊክስ ድራይቨሩ ነው። በኤንቪዲያ የዴስክቶፕን መጠንና ቦታ ማስተካከያ፣ በኤኤምዲ የኤችዲኤምአይ መመጠኛ፣ በኢንቴል ደግሞ በግራፊክስ ማዘዣው ውስጥ የምጥጥን ማስተካከያ ታገኛላችሁ። በአፕል ኮምፒውተር በማሳያ ማስተካከያው ውስጥ አንደርስካን የሚል መንሸራተቻ ይወጣል። ምስሉን ታጠቡታላችሁ፤ ቴሌቪዥኑ መልሶ ይለጥጠዋል፤ ውጤቱ ልክ ይሆናል። በኤኤምዲ አንዳንድ ጊዜ ተቃራኒው ይገጥማል፤ ድራይቨሩ ቴሌቪዥኑ ይቆርጣል ብሎ አስቀድሞ ያጠበዋል፤ ቴሌቪዥኑ ግን አይቆርጥም፤ በዙሪያው ጥቁር ክፈፍ ይቀራል። ያኔ መንሸራተቻውን ወደ ዜሮ መመለስ ነው።

ይህን መንገድ ሁለተኛ ያደረግሁት በምክንያት ነው። ቴሌቪዥኑ 1824 ነጥብን በ1920 ቦታ ሲዘረጋ አንድ ነጥብ ለአንድ ነጥብ መግጠሙ ይቀራል፤ እያንዳንዱ ነጥብ ከጎረቤቱ ጋር ተደባልቆ እንደገና ይሰላል። ኮምፒውተሩም ምስሉን አጥብቦ ከሆነ የላከው፣ ስሌቱ ሁለት ጊዜ ይሆናል። ለፊልም ይህ ምንም አይደለም። ለፊደል ግን ነው። የእኛ ፊደል ካዕቡን ከሣልሱ፣ ሣልሱን ከኃምሱ የሚለየው በአንዲት አጭር ቅጥያ ወይም በትንሽ ቀለበት ነው። በትንሽ መጠን የተጻፉ «ቢ» እና «ቤ»፣ «ሊ» እና «ሌ» ሲደበዝዙ ከሦስተኛው ወንበር ጀርባ የተቀመጠ ሰው አይለያቸውም። በአፋን ኦሮሞ ቁቤ አናባቢው ራሱን ችሎ ስለሚጻፍ ጥቂት ብዥታ ይችላል፤ ፊደል ግን አይችልም። ስለዚህ በአማርኛ የተጻፈ ሰነድ የሚያሳይ ሰው ከመጠኑ ባሻገር ጥራቱንም ማየት አለበት።

በብዛት የሚገዙት ትናንሾቹ ባለ 32 ኢንች ስክሪኖች የራሳቸው ጠባይ አላቸው። የብዙዎቹ ትክክለኛ ነጥብ ብዛት 1366 በ768 ነው፤ ይህ ግን ከቴሌቪዥን መደበኛ መጠኖች መካከል የለም። 1366 ለ8 እኩል ስለማይካፈል ስክሪኑ ራሱን በሚያስተዋውቅበት መልእክት ውስጥ እንኳ በመደበኛው መንገድ ሊጻፍ አይችልም፤ ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ 1360 በ768 የሚል ምርጫ የምታዩት። ያ ምርጫ ካለ ውሰዱት፤ ጠርዙም ይመለሳል፣ ፊደሉም ይጠራል። ከሌለ 1280 በ720 ከ1920 በ1080 ይልቅ ይሻላል፤ ትልቁን ብትልኩ ያው ትንሹ ስክሪን ይጨፈልቀዋል።

ሁሉም መንገድ የተዘጋበት ጊዜም አለ፤ የሆቴል አዳራሽ ቴሌቪዥን ማስተካከያው በይለፍ ቃል ተቆልፎ ይገኛል፤ ስብሰባው ደግሞ ተጀምሯል። ያኔ የቴሌቪዥን ሰዎችን ልማድ መዋስ ነው። በአቀራረባችሁ ከየጎኑ 5 በመቶ ባዶ ተዉ፤ በሠንጠረዡ ከመጀመሪያው ዓምድ በፊትና ከመጨረሻው በኋላ አንዳንድ ባዶ ዓምድ ጨምሩ፤ ታስክባሩ ሲደበቅ ደግሞ በኪቦርዱ የዊንዶውስ ቁልፍ ሥሩ። ለኅብረት ሥራ ባለሙያዎች አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሠንጠረዡ በአራቱም ጎን ወፍራም ቀይ መስመር አስምሩ። ቀዩ መስመር በአራቱም በኩል ከታየ ምንም አልተቆረጠም፤ አንዱ ጎን ካልታየ ግን ከኋላ የተቀመጠው ገበሬ እንኳ ሳይነገረው ያውቃል።

ጥያቄ (ከአንድ የጤና ባለሙያ)፦ መምህር፣ የምንጠቀመው ስክሪን ጠርዙን እንደማይቆርጥ በየጊዜው እንዴት እናረጋግጥ? በየጠዋቱ ይህን ሁሉ መፈተሽ አንችልም።

መልስ፦ ትክክል ነዎት፤ በየጠዋቱ አያስፈልግም። አንድ ባለ 1920 በ1080 ምስል አዘጋጁ፤ ዳር ዳሩን አንድ ነጥብ ውፍረት ያለው ነጭ መስመር፣ ከዚያ በየ10 ነጥቡ ወደ ውስጥ ሌላ መስመር ከነቁጥሩ ይሁንበት። በሠዓሊ ፕሮግራም በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው። ላፕቶፑ ላይ አስቀምጡትና ስክሪኑ ወይም ኮምፒውተሩ በተለወጠ ቁጥር ክፈቱት። የውጪው ነጭ መስመር በአራቱም ጎን ካልታየ የመጀመሪያው የሚታየው ቁጥር ስንት ነጥብ እንደጠፋ ይነግራችኋል። እስኪስተካከል ድረስ የታካሚውን ስምና የጎኑን ምልክት አቅራቢው በቃል ያንብበው።

ጥያቄ (በአፋን ኦሮሞ ቀርቦ ወደ አማርኛ የተመለሰ፤ ከአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል አባት)፦ የማኅበራችን ቴሌቪዥን ከዲሽ ጋርም ይሠራል፤ ማታ ማታ ዜናና ኳስ እናይበታለን። ለኮምፒውተር ብለን ብንነካካው የዲሹ ምስል አይበላሽብንም ወይ? ሪሞቱም ጠፍቷል።

መልስ፦ አባቴ፣ አይበላሽም። በአብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች ማስተካከያው የሚመዘገበው ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ለየብቻ ነው። የዲሹን ሪሲቨር በአንደኛው ኤችዲኤምአይ እንደተሰካ ተዉት፤ ኮምፒውተሩን ሁልጊዜ በሁለተኛው ብቻ ሰኩት፤ ያስተካከላችሁትም በሁለተኛው ላይ ይቀመጣል። የዲሹን ደግሞ ሳይነካ መተው ይሻላል፤ አንዳንድ ጣቢያዎች ዳራቸው ስላልጸዳ መቁረጡ ለእነሱ ይጠቅማቸዋል። ሪሞቱን በተመለከተ፣ የቴሌቪዥኑን ስምና ከጀርባው የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ጽፋችሁ ወደ ሱቅ ውሰዱ፤ ለሁሉም የሚሆን ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ድምፅና ጣቢያ ብቻ ስለሚቀይር የማስተካከያ ማውጫውን የሚከፍት መሆኑን ሳትሞክሩ አትግዙ። ሁለተኛዋ ቀዳዳ ላይም ፕላስተር ለጥፋችሁ «ኮምፒውተር» ብላችሁ ጻፉባት።